ላላ ወይስ ጠበቀ

ሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ይህ ደብተር ከፊት በኩል የትምህርት ቤቱ ነው፤ ከኋላ በኩል የኔ ነው። ከፊት ሦስት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ቀን፣ የወጣ፣ የተመለሰ። ቤተ መጻሕፍቱን ትይዝ የነበረችው መምህርት ልትወልድ ፈቃድ ስትወጣ በእጄ ሰጠችኝና በየቀኑ እንድጽፍበት አደራ አለችኝ። ምንም መጽሐፍ ባይወጣ እንኳ «የለም» ብዬ መጻፍ አለብኝ።

እኔ የተቀጠርኩት ወለል ላጥብ፣ መስኮት ልወለውል ነው። ዳይሬክተሯ ግን ለጊዜው ክፍሉን አንቺ ክፈቺ፣ አንቺ ዝጊ አለችኝ። «ለጊዜው» የሚባል ነገር እንደ እንግዳ ነው፤ መቼ እንደሚሄድ አይናገርም።

ለምን እኔን እንደመረጠች አይጠፋኝም። ኮሪደሩን ሳጥብ አራተኛ ክፍል በር ላይ ስደርስ እቆም ነበር። አንድ ቀን ቆሜ የባልዲው ውሃ ቀዘቀዘ። ከቤተ መጻሕፍቱ ሆኖ ያ በር አይታይም።

ልጄ ባለፈው ተርም ማለቂያ ላይ በአምስት ቀን ሕመም ሞተች። አራተኛ ክፍል ነበረች። ይህን አንዴ ጻፍኩት፤ ደጋግሜ አልጽፈውም።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ የከበደሽን ነገር ወረቀት ላይ አውርጂው ብላኝ ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስጽፍም ሳነብም ቀስ ብዬ ነው። የሚያስቸኩለኝ ደግሞ የለም።

የወጣ፦ የለም። የተመለሰ፦ የለም።

ረቡዕ

የለም። የለም።

ጎብኚ፦ አንዲት ድመት። መዝገበ ቃላቱ ላይ ተኝታ ሄደች።

ሐሙስ

በእረፍት ሰዓት ዝናብ ወረደ። ግቢው ጭቃ ሲሆን መጠለያ ያጣ ልጅ ሁሉ እኔ ጋ ገባ። አርባ ይሆናሉ። አንዱ የዓለም ካርታውን መጽሐፍ እንደ ቆብ ደፋው። ሁለቱ በተረት መጽሐፍ ይደባደባሉ። ዝም በሉ ብል ማን ሰምቶኝ። ስደነግጥ እጄን የሚይዝልኝ ነገር እፈልጋለሁ፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ከፈትኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ለነሱ ብዬ አይደለም።

እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። «ጥን… ቸ…» ስል ከፊት የቆመ ልጅ ትዕግሥቱ አለቀና «ጥንቸሏ» ብሎ ጨረሰልኝ። ቀጣዩን ቃል ሌላው ጨረሰው። ሦስተኛውን አምስት ሆነው ተሻሙበት። መጽሐፍ የሚባል ነገር ወድደው የማያውቁ የሚመስሉ ልጆች ቃል ከአፌ ሊነጥቁ ይጋፉ ጀመር። ከነሱ የምዘገይ አንባቢ አግኝተው አያውቁም መሰለኝ።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። መጽሐፉ፣ «ጥንቸሏ ጎመኑ መሃል ተቀምጣ ትበላለች» ይላል። እኔ አጥብቄ አነበብኩት። ጥንቸሏን አስበላኋት።

አንዲት አንደኛ ክፍል ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ማን በላት ብለው ጠየቁኝ። እኔም ግራ ገባኝና ገጹን ገለጥኩ፤ የበላት አውሬ የለም። ያኔ አንዲት ትንሽ ልጅ ወንበር ላይ ዘላ ወጣችና፣ ላልቶ ነው የሚነበበው፣ እሷ ናት ጎመኑን የምትበላው አለች። ታዲያ ከፊደሉ በምን ይታወቃል አልኩ። ሁሉም ሊያይ ተንጋጋ። አይታወቅም። ፊደሉ ያው ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ጥንቸሏ ትጠግባለች፣ በዚያው ጽሑፍ ትሞታለች። ደወል እስኪደወል ተከራከሩ። ስለ ፊደል ተከራክረው ማርፈዳቸው ነው።

ወንበር ላይ የወጣችዋን ልጅ ሁሉም «ቁንጫ» ነው የሚሏት፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም። ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ።

የወጣ፦ አራት። የተመለሰ፦ የለም።

ቤት ስገባ አልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት። ለመወልወል እንዲመች ነው።

ሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ዝናብ የለም። መጡ።

ረቡዕ

ቁንጫ ሕግ አወጣች። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ቃሉን ቀድመው ይጨርሳሉ። ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል ሲመጣ አቆማለሁ፤ «ላላ ወይስ ጠበቀ?» ይባላል። ጠበቀ ያለ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላላ ያለ እንደ እርጥብ ፎጣ ይዝለፈለፋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አንብበን ማን እንደበለጠ እናያለን።

ዛሬ «አባቴ ሰፊ ነው» የሚል መጣ። ግማሹ ልብስ ሰፊ ነው ብሎ ተዝለፈለፈ፤ ግማሹ አይ ወፍራም ነው ብሎ ቆመ። አንዱ ልጅ ብቻ ከወገቡ በላይ ቆሞ ከወገቡ በታች ተዝለፈለፈ። አባቱ ሁለቱንም ነው።

አርብ

ስም ወጣልኝ። «እትዬ ቀስ»።

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ኮሪደር ላይ የአራተኛ ክፍሉ መምህር ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ። እሷ አንድ መጽሐፍ እስክትጨርስ እነዚህ ልጆች ጡረታ ይወጣሉ አለ። ጓደኛው፣ ተዋት፣ ሐዘን ማስረሻ ነው አለው።

በመጀመሪያው ሳቅሁ። ለብቻዬ፣ መጥረጊያውን ይዤ። በሁለተኛው አልሳቅሁም። ማስረሻ የሚለው ቃል ለምን እንደሚያናድደኝ አላውቅም፤ ሰውዬው ክፉ አልተናገረም።

ሐሙስ

የአራተኛ ክፍሉ መምህር ክፍሉን በሙሉ ይዞ መጣ። ጎበዝ ናቸው፣ ከኔ ጋር ጊዜ ያጠፋሉ ብሎ እንደሚፈራ ገባኝ። ከኋላ ቆሞ እጁን አጣምሮ አየ። «ገና ነው» የሚል ሲመጣ ላላ ብሎ ተዝለፈለፈ፤ አንደኛ ክፍሏ አልቃሻ ልጅ ትክክለኛውን ይዛ በለጠችው። ከወለሉ ሲነሳ ሱሪውን እያራገፈ፣ «አንቺ ወለሉን ግን በደንብ ነው የምታጸጂው» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

የወጣ፦ ሃያ ሁለት። ዓምዱ ጠበበኝ።

ሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ቸኩያለሁ። ዳይሬክተሯ ጠራችኝ። በሯ ላይ «ዋና ዳይሬክተር» የሚል ተለጥፏል። ልጆቹ አላልተው አነበቡት። በእረፍት ሰዓት ሠላሳ ልጅ በሯ ፊት ወለሉ ላይ ተኝቶ ሲዋኝ አገኘችው።

ማክሰኞ

አልተቆጣችም። ለወላጆች ቀን ምን ታሳያላችሁ ብላ ነበር የጠራችኝ። ስወጣ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዴት ነሽ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲጠይቁኝ ነው የምፈራው። እሷ አንዴ ብቻ ጠየቀች፤ አመሰገንኳት በሆዴ።

ቅዳሜ

የልጄ አባት አናጢ ነው። ልጆቹ ወለል ላይ እንደሚቀመጡ ነግሬው ነበር። ዛሬ ከሥራ ቦታው የተረፈ ጣውላ ይዞ መጣ። አጫጭር አግዳሚ ወንበር እየሠራ ነው። ቁመቱን ማንም ሳይነግረው በእጁ ለካ፤ መዳፉን ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ አየር ላይ አቆመው። ያቺ ቁመት ትዝ ትለዋለች። ዞር ብዬ ልብስ አጠፍኩ።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

የንብረት ክፍል ኃላፊው ለቆጠራ መጣ። አዛውንት ናቸው፤ ጠመኔ እንኳ ሲሰጡ ከነስባሪው ይቆጥራሉ። ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «ጉድለት» ስለሆነ ሠራተኛው ከኋላቸው «ጋሼ ጉድለት» ይላቸዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆጠሩ። መዝገቡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤ መደርደሪያው፣ የተዋሱትን ጨምሮ፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።

የጎደለው «ማሚቶ የት ሄደች» የሚል የልጆች መጽሐፍ ነው። ካርዱን አወጡ። የመጨረሻዋን ተዋሽ ስም አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ስሟ ከነአባቷ ስም ነው የተጻፈው፤ እኔም ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ።

ጠፍቷል አልኳቸው።

ጠፋ የሚባለው ያለበት ያልታወቀ ነገር ነው። እንደዚያ ከሆነ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። በደብተሩ የፊት ገጽ ላይ ግን «ጠፍቷል» ብዬ አልጻፍኩም። ባዶ ተውኩት።

አርብ

ዳይሬክተሯ፣ ጋሼ ጉድለትና እኔ። ሦስታችን አንድ ወረቀት ላይ አፈጠጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥረኛው ሳምንት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ጉድለት ያለበት ክፍል ይታሸጋል፤ እስኪጣራ ድረስ የፈተና ዴስክ ይታጎርበታል፤ የንባብ ሰዓቱም ያበቃል። እንዳይታሸግ ሁለት መንገድ ብቻ አለ። ወይ መጽሐፉ እስከ ዘጠነኛው ሳምንት አርብ ይገኛል፣ ወይ ከመዝገብ ይሰረዛል። ለመሰረዝ አንድ መስመር ላይ መፈረም ብቻ ነው። መስመሩን ጋሼ ጉድለት በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ሞልተውታል፦ «ተዋሽዋ በሕይወት ስለሌለች ይሰረዝ።» ከሥሩ፣ «የወላጅ ፊርማ»።

ሊያቀልሉልኝ ነው። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። እስክሪብቶውም ጥሩ ነበር።

ሰኞ እፈርማለሁ አልኩ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

አልፈረምኩም። ሥራ በዛብኝ።

ማክሰኞ

ልጆቹ ሰሙ። ትምህርት ቤት ውስጥ ምስጢር የሚቆየው ከቁርስ እስከ እረፍት ነው። የፍለጋ ቡድን አቋቋሙ። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ነው፣ መጽሐፏን እናግኛት ብለው ተሰማሩ። የመምህራን ሽንት ቤት ፈተሹ። የዘበኛውን የዝናብ ካፖርት ኪስ ፈተሹ። ደወሉ ሥር ገቡ።

ሐሙስ

የተገኘ፦ አንድ የግራ ጫማ፣ የስፖርት መምህሩ ፊሽካ፣ ከቁም ሣጥን ኋላ የወደቁ ሁለት መጻሕፍት። መጻሕፍቱ ጭራሽ መዝገብ ላይ የሉም። ጋሼ ጉድለት ራሳቸውን ያዙ። በሕይወታቸው ትርፍ አጋጥሟቸው አያውቅም። በሁለቱ ትርፍ አንዱን ጉድለት ያቻችሉት አልኳቸው። «ትርፍ ጉድለትን አይሸፍንም፣ የኔ እህት» አሉኝ። ስለ መጽሐፍ ነው ያወሩት። ቀኑን ሙሉ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር።

ቁንጫ አልፈለገችም። ሌላው ሁሉ ሲራወጥ እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አንቺስ ስላት፣ እግሬን አሞኛል አለች። ያን ቀን ከሰዓት ሦስት ጊዜ ገመድ ስትዘል አየኋት።

አርብ

እነዚያ ልጆች ከካፖርት ኪስ ውስጥ መጽሐፍ ሲፈልጉ እያየሁ ወለል እወለውላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

መጽሐፏ ካልተገኘች ታሪኳን ንገሩን አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው።

አንዲት ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ትኖራለች። በየቀኑ ወደ ገደሉ ትጣራለች፤ ማሚቶም ትመልስላታለች። ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ቀን ብትጣራ መልስ የለም። ልጅቷ ማሚቶን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ጉድጓድ ውስጥ፣ ድልድይ ሥር፣ ባዶ ጎተራ ውስጥ። በየደረሰችበት ትጣራለች። መጨረሻ ላይ ደክሟት ወደ አፋፉ ትመለስና ባላት ድምፅ ሁሉ «አለሽ?» ትላለች። አርባ አንደኛው ገጽ ግርጌ ላይ እንዲህ ይላል፦ ብዙ ቆየ። ማሚቶም አለች

ከዚያስ አሉኝ። ከዚያ ገጹ አለቀ አልኩ።

አንደኛ ክፍሏ ልጅ እጇን አወጣች። «ላላ ወይስ ጠበቀ?»

ቤቱ ተናወጠ። ላላ የሚሉት፣ ማሚቶ ሥራዋ መናገር ነው፣ የተናገረችው ቀጣዩ ገጽ ላይ አለ ይላሉ። ጠበቀ የሚሉት፣ ልጅቷ አለሽ ወይ ብላ ጠይቃ የለ፣ አዎ አለች ማለት ነው ይላሉ። አራት ነጥብ ነበረው ወይ ብለው አፋጠጡኝ። አላስታውስም አልኩ። እውነቴን ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የልጄ ጣት ነበር።

የአራተኛ ክፍሉ መምህር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለጠፋ መጽሐፍ ገጹን ከነግርጌው ታውቂዋለሽ አለኝ፣ በቀስታ። ደወል ተደወለ፤ ተመስገን።

ረቡዕ

ትምህርት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግድግዳ ላይ በጠመኔ «ላላ» እና «ጠበቀ» ተጽፎ በየሥሩ ጭረት ይጨመራል። ዘበኛው ላላ። ዳይሬክተሯ አልናገርም ብላ ቆይታ ጠበቀ። ጋሼ ጉድለት፣ ማስረጃ በሌለበት ድምፅ አልሰጥም አሉ። የስፖርት መምህሩ ፊሽካው ስለተመለሰለት ብቻ ሁለቱም ላይ ጫረ።

ግድግዳውን የማጸዳው እኔ ነኝ። አላጸዳሁትም።

ሐሙስ

አባቷ ሁለት አግዳሚ ይዞ መጣ። ጭረቱን አይቶ ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። ጠመኔውን ከመሬት አነሳና ሳያስብ «ጠበቀ» ሥር ጫረ። ለምን አልኩት። «እንዲያው» አለ። ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፤ ጋሼ ጉድለት ቢያዩ ጉድ ነበር።

እሑድ

ልብስ አጥቤ አሰጥቻለሁ፤ እስኪደርቅ ግቢ ተቀምጬ ልጻፈው።

መጽሐፉን ያመጣችው ልጄ ናት። ማታ ማታ እኔ ልብስ ስተኩስ እሷ ታነብልኝ ነበር፤ እየሮጠች ነው የምታነበው፣ ደረጃ እንደምትወርድ። ሲያማት ግን ዓይኔ ደከመኝ፣ አንቺ አንብቢልኝ አለችኝ። እኔ ለማንም አንብቤ አላውቅም ነበር። ልጄ ፊት እንኳ አፍር ነበር። ጀመርኩ። ቃል ሲይዘኝ ትኩሳት ያለበት አፏ ይጨርስልኛል። ትስቃለች። የቃል ንጥቂያውን ጨዋታ እኔ ወይ ልጆቹ የፈጠርነው አስመስዬ ቀደም ብዬ ጽፌ ነበር። የሷ ነው።

አርባ አንደኛው ገጽ ግርጌ ደረስን። ጣቷን ቃሉ መጨረሻ ላይ አድርጋ፣ «እማ፣ ላልቶ ነው ጠብቆ?» አለችኝ። ገጹን መግለጥ ነበር። አንድ ቅጠል ነው። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር፣ ቀስ ብዬ በማንበቤም አፍሬ ነበር፤ የሚተኮስ ልብስ አለብኝ አልኳት። ነገ እንጨርሰዋለን አልኩ።

ነገ ሐኪም ቤት ነበርን።

ልብሱ ያን ቀን ባይተኮስ ምን ይሆን ነበር። የማን ሸሚዝ እንደነበረ እንኳ አላስታውስም።

ያውና ካልሲ ወደቀ። ልነሳ።

ማክሰኞ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ጋሼ ጉድለት ወረቀቱን ይዘው መጡ። ቁጭ አሉ፤ አጭሩ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። አላስቸኩልሽም፣ አርብ ግን አርብ ነው አሉ። ፊርማው ለምን እንደሚከብደኝ ነገርኳቸው። ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል አልኩ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ግን በእጄ ጽፌ ይሰረዝ ማለት አልችልም። እሳቸውም፣ «እኔም የሚስቴን ቀበሌ መታወቂያ አልመለስኩም። አሥራ አንድ ዓመቱ» አሉ። «ጉድለት ነው።»

ተነስተው አግዳሚዎቹን ቆጥረው ሄዱ።

ሐሙስ

ሻንጣውን ከፈትኩ። ሹራቧ ውስጥ ተጠቅልሏል። ሳልገልጥ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ነገ የመጨረሻውን አግዳሚ አመጣለሁ አለ። ትናንት የመጨረሻውን አምጥቷል።

አርብ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት በር ላይ ቁንጫ ቆማ ነበር። ቦርሳዬን አየችና አንዱን ማንገቻ ያዘችልኝ፤ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ነው ያለበት። ሁለት ሆነን ተሸከምነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ «እኔኮ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ልጠይቃት የመጣሁ ጊዜ ትራሷ ሥር አይቼዋለሁ» አለች። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ። «እስኪጨርሱት ነዋ የጠበቅኩት።»

ክፍሉ ሞልቷል። አባቷ አንድ አግዳሚ ይዞ መጣ፤ ካመጣቸው አንዱን ወስዶ መልሶ ማምጣቱ ነው፣ አላጋለጥኩትም። በሩ ላይ ቆመ። ዳይሬክተሯ መስኮቱ ጋ፣ ጋሼ ጉድለት ወረቀቱን በአራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘው። መጽሐፉን ሳወጣ ከየት ተገኘ ያለ ሰው የለም። አርባ ልጅ ዝም ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ቃሉን እየነጠቁ አስሮጡኝ፤ እንደዚያ ፈጥኜ አንብቤ አላውቅም። አርባ አንድ ላይ የፀጉሯ ማሰሪያ አለ። ቀዩ። አንስቼ አንጓዬ ላይ አደረግኩት። ከግርጌው አየሁ፤ አራት ነጥብ የለም። ነጥቡ በሚኖርበት ቦታ ትንሽ ያደፈ የጣት አሻራ ነው ያለው።

ማሚቶም አለች

ላላ ወይስ ጠበቀ ተባለ። ግማሹ ቀጥ አለ፣ ግማሹ ተዝለፈለፈ። አባቷ ድሮም ቆሞ ነበር፤ ግን ትከሻውን አቃና፣ እግሩን ገጠመ። አየሁት።

ቅጠሉን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ሁልጊዜ ቃል ሲይዘኝ የሚቀድሙኝ ልጆች አሁን አንድም አልቀደመኝም። ጠበቁኝ። ገለጥኩት።

ገጹ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፣ በትልቁ። ማሚቶ የሰማችውን ነው የምትመልሰው፤ ልጅቷ የጠየቀቻትን መልሳ ጠየቀቻት።

«አለሽ?»

ላላዎቹ ከወለሉ ተፈናጠሩ። ተናገረች፣ ተናገረች፣ እኛ በለጥን እያሉ ዘለሉ። የቆሙት ቀስ በቀስ ተቀመጡ። አባቷ አልተቀመጠም። እኔ ዓይኔን ከቃሉ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ያን ሁሉ ሳምንት የምጠይቀው እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ወደኔ ዞሮ ይመጣል አላልኩም።

ጫጫታው መሃል አንደኛ ክፍሏ ልጅ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያቺ ለጥንቸሏ ያለቀሰችው። «ታዲያ የለችም ማለት ነው?» አለች።

ቁንጫ አግዳሚው ላይ ወጣች። እንደ መምህር ጣቷን ቀሰረች።

«ካለች፣ አለች።»

የመጀመሪያውን አላላችው፣ ሁለተኛውን አጠበቀችው። ጋሼ ጉድለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ድገሚው አሏት። ካልነበረች እንዴት ትናገራለች፣ ከተናገረች አለች፤ ሁለቱም ልክ ነው ብላ አብራራችላቸው። እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ ሒሳቡ ይገጥማል አሉ። የተቀመጡት መልሰው ቆሙ። ላላዎቹም ቆሙ። አንደኛ ክፍሏ ልጅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ከሁሉም ቀጥ ብላ ቆመች።

እኔም አልኩት፣ በሆዴ። አለሁ።

ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። መጨረሻው ጥሩ ነው። አልጽፈውም፤ የፈለገ ይዋስ።

ጋሼ ጉድለት ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። እሳቸው ወረቀት ቀደው አይጥሉም። ገልብጠው በጀርባው «ሙሉ» ብለው ጻፉና አስፈረሙኝ። ፈረምኩ። ሲወጡ አባቷ አግዳሚውን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ያዙት፤ ስለቆጠሩት ከዚህ አይወጣም አሉት።

ሁሉም ሲሄዱ ካርዱን አወጣሁ። ከልጄ ስም ፊት ለፊት «የተመለሰበት ቀን» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የዛሬን ቀን ጻፍኩበት። ከሥሩ ደግሞ የቁንጫን ሙሉ ስም፤ በቁንጫ መዝግቢኝ ብላ ነበር፣ ጋሼ ጉድለት አይፈቅዱም አልኳት። ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው እየዘለለች ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ፣ አራተኛ ክፍል በር ጋ እስክትደርስ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት።

የወጣ፦ አንድ። የተመለሰ፦ አንድ።